ስላልነበሩት አርባ ካርታዎች

ቁጥር፡- የለውም፤ ቁጥር የሚሰጡት እርስዎ ነዎት
ቀን፡- ጥቅምት 12 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ አስናቀ
የመልካም ጠባይ ክትትል ዴስክ አስተባባሪ
መካነ ኢየሱስ ከተማ

ጉዳዩ፡- ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

የተከበሩ ሆይ፣

ጤናዎ፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም የዓይንዎ ጤና እንደምን ሰንብቷል? ዓይንዎን ለይቼ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብዙ ሰዓት ስክሪን ላይ ማፍጠጥ ዓይን እንደሚያደርቅ ከራሴ ስለማውቅ ነው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከሥራዬም አልተባረርሁም፤ የቀረሁት ከትምህርቴ ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ መናኸሪያው አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ሦስት ጊዜ በመዝገብ ቤት በኩል ጽፌልዎ ሦስቱም «አልደረሰም» ስለተባልሁ፣ በየጠዋቱ በሚያልፉበት መንገድ ላይ ቢሆን ይደርስዎታል ብዬ ነው። ለማያውቀኝ አንባቢ፣ መቅደስ ደሴ እባላለሁ፤ በከተማችን በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ሆኜ ስድስት ዓመት አክታና ደም መርምሬአለሁ። በነሐሴ መጀመሪያ ለጤና ባለሙያዎች በተሰጠች አንዲት የዲግሪ ዕድል ላይ ስሜ አንደኛ ሆኖ ተለጥፎ ነበር። ጌም እጫወታለሁ፤ ቁማር አልጫወትም። የዚህ ደብዳቤ ነገር ሁሉ በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። መስከረም 18 ቀን፣ ዓርብ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ማለትም መላው የመንግሥት ሠራተኛ ምሳ ላይ ባለበት ሰዓት፣ ምሳዬን ጨርሼ ላፕቶፔን ከፍቼ ሳለ፣ በመስኮት በኩል ያለፈ ሰው «በሥራ ሰዓት ካርታ የምትጫወት ሠራተኛ አለች» ብሎ ጠቁሞዎት፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የንብረት ክፍሉን አቶ ማሩን አስከትለው ደረሱ። እንዲህ ያለ ፍጥነት በከተማችን መኖሩን እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቅም ነበር፤ ምጥ የያዛት ሴት በምትመጣበት ቀን ብናገኘው እንዴት በጠቀመን።

በስክሪኑ ላይ ያዩት ነገር ምን እንደሆነ ያን ዕለት ላስረዳዎ ሞክሬ «ለኮሚቴው ታስረጃለሽ» ስላሉኝ፣ ኮሚቴውም ስላልጠየቀኝ፣ እዚህ ላይ ባጭሩ ልግለጽ። ተጫዋቹ አንድ ሰው ሆኖ የሚጓዝበት የጀብዱ ጌም ነው። ተዋጊ፣ አስማተኛ፣ ሌባ ወይም ፈዋሽ መሆን ይቻላል፤ ከመንደር መንደር እየዞሩ ከሰው ጋር መነጋገር አለ፤ ጠላት ሲያጋጥም ደግሞ ውጊያው በካርታ ነው። ካርታው ላይ ጋሻ፣ እሳት፣ መድኃኒት ተሥሎበታል። ገንዘብ የሚባል ነገር አይያዝበትም፤ የሚሸነፍም ሰው ከኪሱ ምንም አይጎድልበትም።

እኔ ሁልጊዜ ፈዋሽ ነኝ። ስለ እነዚህ ጌሞች ያለኝን አስተያየት ማንም ጠይቆኝ ባያውቅም፣ በእርስዎ ቸርነት በምርመራ ላይ ስለሆንሁ እናገረዋለሁ። ገና ሲጀመር የንጉሥ ልጅ ነህ፣ ትንቢት ተነግሮልሃል የሚሉትን ጌሞች አልወዳቸውም፤ ያለ ምንም ነገር ተነስቶ ሰው የሚኮንባቸውን እወዳለሁ። የመንደር ሹም በሩን ለመክፈት አሥር የተኩላ ቆዳ አምጡ የሚልባቸው፣ ቆዳው ሲመጣ ደግሞ ሃያ የሚልባቸው ጌሞች አሉ፤ የሠሯቸው ሰዎች በአንድ ወቅት በከተማችን አልፈው ጉዳይ ለማስፈጸም ሞክረው ይሆን ብዬ ጠርጥሬአለሁ። ይሁንና በእነዚያም ውስጥ መቶ በሽተኛ የፈወሰ ሰው ደረጃው ያድጋል። እኔ በስድስት ዓመት ውስጥ ያደግሁት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም ወንበር ሲቀየርልኝ።

ስለ ካርታዎቹም አንድ ነገር ልበል። ጀማሪ ሰው ጠንካራ የተባለውን ካርታ ሁሉ እየሰበሰበ ጥቅሉን ያሳብጠዋል፤ በቸገረው ሰዓት የሚፈልጋት አንዲት መድኃኒት ግን ከመካከል አትወጣለትም። ጥቅል ትንሽ ሲሆን ነው የሚታዘዝ። እንዲያውም በእውነተኛ ገንዘብ ካርታ ግዙ የሚሉ ጌሞች መምጣታቸውን ሰምቻለሁ፤ እነሱን ቁማር ናቸው ብሎ ዴስክዎ ቢከስስ ፊርማዬን ከሁሉ በፊት አኖራለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ አመዘጋገብዎ ጥራት አመሰግናለሁ። አቶ ማሩ ቅን ሰው ናቸው፤ የታዘዙትን ነው የጻፉት። በስክሪኑ ጥግ የጥቅሉ ብዛት «40» ተብሎ ስለሚታይ፣ እርስዎ እያነበቡላቸው በሞዴል 19 ላይ እንዲህ ብለው ገቢ አደረጉ፦ ላፕቶፕ አንድ፣ ቻርጀር አንድ፣ የመጫወቻ ካርታ አርባ። ግልባጩ እጄ ላይ ነው። ካርታዎቹ ሥዕል እንደሆኑ፣ ላፕቶፑ ሲዘጋ አብረው እንደሚጠፉ ብናገርም፣ በሞዴል የተመዘገበ ዕቃ የለም ሊባል እንደማይችል አስረዱኝ። የመንግሥት ንብረት አያያዝን ያን ዕለት ተምሬአለሁ።

ሦስተኛውን ምስጋና ለኮሚቴዎ አባላት አቀርባለሁ። ከአሥራ አራት ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 2 ቀን፣ ካርታዎቹን እንዳሳይ ተጠርቼ ስቀርብ ላፕቶፑ ተገልብጦ ሲራገፍ፣ የባትሪው ክዳን በጠመንጃ መፍቻ ሲከፈት፣ ቻርጀሩም ሳይቀር ሲፈተሽ ቆሜ አይቻለሁ። አንዲት ካርታ አልወደቀችም። በዚህም መሠረት በቃለ ጉባኤው ላይ «አርባ ካርታዎች ጎድለው ተገኝተዋል» ተብሎ ተጻፈ፤ ላፕቶፑ በመጋዘንዎ ተቆልፎ የቆየ ሆኖ ሳለ ጉድለቱ በእኔ ላይ ተመዘገበ።

ያን ዕለት ግን ማሽኑን ለአንድ አፍታ እንድከፍተው ስለፈቀዱልኝ ያየሁትን ማለፍ አልችልም። ትቻት የሄድኋት ፈዋሽ ደረጃዋ አሥራ አንድ ነበር። ሳገኛት ሃያ ሰባት ደርሳ፣ የተዋጊ የብረት ልብስ ለብሳ፣ ያገኘችውን ሁሉ እየመታች አልፋ፣ አንድ በር ፊት ለፊት ቆማለች። አርባ የነበረውም ጥቅል ስልሳ አንድ ሆኗል። እንግዲህ አርባው ጎድሏል ከተባለ፣ የተጨመሩት ሃያ አንድ ካርታዎች በየትኛው ሞዴል ገቢ እንደሆኑ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ጨዋታው ለሌላ ጊዜ በተቀመጠ ቁጥር ጌሙ ቀኑንና ሰዓቱን ይመዘግባል። ላፕቶፑ ከተያዘ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተቀምጧል፤ አንዱም በምሳ ሰዓት አይደለም። አንደኛው መስከረም 25 ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ያን ጠዋት ሁላችንም ስለ ሥራ ሰዓት አከባበር በተጠራ ስብሰባ ላይ ነበርን፤ እርስዎም ከፍተውልን ለአስቸኳይ ሥራ ወጥተዋል። የመጋዘኑ ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ ከአቶ ማሩ ጋር ነው፤ አቶ ማሩ ማውስ ነክተው አያውቁም፤ በስብሰባውም ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። ስም አልጠራም። የተጫዋቹን ጠባይ ብቻ ነው የምናገረው፤ የጌሙ መዝገብ እንደሚያሳየው ይህ ሰው በየመንደሩ ሲያልፍ ከአንድም ነዋሪ ጋር አልተነጋገረም። ለማንኛውም ያንን ሰው ካገኙት፣ በሩ ያልተከፈተለት ቁልፉ በድልድዩ ሥር ከሚቀመጠው ዓሣ አጥማጅ ጋር ስለሆነ ነው ብለው ይንገሩልኝ፤ ስድስት ጊዜ በአጠገቡ አልፏል፤ ሰው አነጋግሮ ስለማያውቅ አላገኘውም።

ተጠራጣሪ ናት ይሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ጥርጣሬዬን መመርመር ሥራዬ ነው። ባለፈው ዓመት ኮምፒዩተሩ ካርታ ሲበውዝ ያጭበረብረኛል፣ እሳቷን ለራሱ ያስቀድማል ብዬ አምኜ ስልሳ ውጊያ በደብተር መዝግቤአለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት መሳቦች ውስጥ እሳት ለእሱ ሃያ ሁለት ጊዜ፣ ለእኔ ሃያ አንድ ጊዜ ወጣች። አላጭበረበረኝም ማለት ነው፤ ብቻዬን በተቀመጥሁበት ይቅርታ ጠየቅሁት። የእርስዎንም ጉዳይ በዚያው ደብተር ላይ በዚያው ቅንነት ስመዘግብ ቆይቻለሁ፤ የእርስዎ ውጤት ግን እንደ ኮምፒዩተሩ ሊሆንልኝ አልቻለም።

አራተኛ፣ እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅርና፣ ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው፣ የንብረት ዕዳ የለባትም የሚል ክሊራንስ እስከ ዓርብ ጥቅምት 9 ቀን መቅረብ ነበረበት። እርስዎም አርባ ካርታ ካላስረከብሁ እንደማይፈርሙ አሳወቁኝ። የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ፣ አቶ ማሩም ጭምር አዝነው፣ አንድ ምክር ሰጡኝ፤ ወደ አርብ ገበያ የሚመላለስ ነጋዴ አለና መጫወቻ ካርታ አስመጪና አስረክቢ አሉኝ። በሕይወቴ ይዤው የማላውቀውን ካርታ ቁማርተኛ አለመሆኔን ለማረጋገጥ ልገዛ ነው ማለት ነው። ደግሞም አንድ ፓኮ አምሳ ሁለት ነው፤ አርባውን ሳስረክብ አሥራ ሁለቱ እጄ ላይ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጠቋሚው በመስኮት ያልፋል። ይህን ሁሉ እያሰብሁም ቢሆን ለነጋዴው ልልክበት ወስኜ ነበር። ትምህርቱን በጣም እፈልገው ነበርና።

ጥቅምት 3 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ወደ ወገዳ ወርጄ አባቴን፣ መሪጌታ ደሴን፣ አማከርኋቸው። ጌሙን በቃል አስረዳኋቸው። አልወደዱትም፤ እውነተኛ በሽተኛ ሞልቶ ሳለ የሌለ ሰው መፈወስ ምን ይረባል አሉኝ። ዕጣ ነው ወይስ ብልሃት ብለው ጠየቁኝ፤ ሁለቱም አልኋቸው። ከዚያ የሞዴሉን ግልባጭ ተቀብለው ሁለት ጊዜ አነበቡትና፣ «ልጄ፣ ያልነበረሽን ካርታ ካስረከብሽ፣ ነበረሽ ማለት ነው» አሉኝ።

ለነጋዴው አልላክሁም። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ በርዎ ላይ ቆሜ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልሁ። ዓርብ ጥቅምት 9 ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን ጊዜው አለፈ። ቦታዬም በዝርዝሩ ላይ ከእኔ ቀጥላ ተጠባባቂ በነበረችው፣ በሌላ ጤና ጣቢያ በምትሠራው የሙያ ባልደረባዬ በፋሲካ ተሞላ። ዘመድዎ ናት ሲባል ሰምቻለሁ፤ ወሬ ማስረጃ አይደለምና ትቼዋለሁ። አላለቀስሁም ብል ግን ውሸት ነው። ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ነገር ነበር፤ አለቀስሁ፣ ከዚያም ታጥቤ ሥራ ገባሁ፤ አሥራ አንድ አክታ ይጠብቀኝ ነበርና።

ስለዚህም የተከበሩ ሆይ፣ ፋይሌ ውስጥ «ቁማርተኛ» ተብሎ የተጻፈው ቃል እንዲሰረዝ፣ አርባው ካርታ በስህተት የተመዘገበ መሆኑ በጽሑፍ እንዲገለጽ እጠይቃለሁ። ላፕቶፑን በተመለከተ ጥድፊያ የለብኝም፤ ፈዋሿን ግን የብረት ልብሷን እንዲያወልቁላት እለምናለሁ፤ ልብሱ ከብዷት መድኃኒት መስጠት ተስኗታል።

ዕድሜና ሹመት እንዲበዛልዎ፣ ንቃትዎ ለሥራ ሰዓትም እንዲተርፍ እየተመኘሁ፣ በእርስዎ መዝገብ ቁማርተኛ፣ በጤና ጣቢያው መዝገብ ባለሙያ የሆንሁት፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

መቅደስ ደሴ
(ፊርማ)

ግልባጭ፡-
ለአቶ ማሩ፣ ንብረት ክፍል፣ ከፍቅር ጋር
በመስኮት በኩል ላለፉት ጠቋሚ፣ ባሉበት
ለጎደሉት አርባ ካርታዎች፣ በሌሉበት

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፡- ፋሲካ ባለፈው ቅዳሜ ለትምህርቱ ወደ ደብረ ታቦር ከመሳፈሯ በፊት ቤቴ መጥታ ተሰናብታኛለች። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከአቶ ማሩ በቀር የማልጠረጥራት ሰው እሷ ብቻ ናት። አቅፋ ሳመችኝና፣ «ቦታሽን ስለለቀቅሽልኝ እግዜር ይስጥሽ፤ አቶ አስናቀ ‹መቅደስ ትተዋለችና ተዘጋጂ› ሲሉኝ አላመንኋቸውም ነበር» አለችኝ። መቼ እንደነገሯት ጠየቅኋት። ነሐሴ 26 ቀን ነው፤ በማግስቱ ሻንጣ ስለገዛች ቀኑን አትረሳውም። የእኔ ላፕቶፕ የተያዘው መስከረም 18 ቀን ነው።