ስለ ስኮትላንድ ገበሬዎች አባባ የጠየቁኝ

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 8፣ 1986

ዛሬም ለአባባ ሳልነግራቸው መሸ። እሑድ ካናዳ መግባት አለብኝ። ሻንጣዬ ባዶውን አልጋ ሥር ነው።

ካናዳ ሄጄ የማጠናበትን ፌሎውሺፕ አገኘሽ ያሉኝ ጊዜ አባባ ደህና ነበሩ። አምና ከጅዳ ሲመጡ ደረጃውን ከእኔ ቀድመው ይወጡት ነበር። አሁን ጉበት ነው ይላሉ ሐኪሞቹ፤ ምኑ እንደሆነ አልለየም። ሐሙስ በመርፌ ናሙና ይወስዱላቸዋል።

የምሄደው ለሦስት ወር ነው። የካናዳው ዩኒቨርሲቲ የስኮትላንድ ባላባቶች የርስት ወረቀት በብዛት አለው። ገበሬዎቹ ከመሬታችን አትንቀሉን ብለው ያስገቡት አቤቱታም እዚያው ነው። እሱን ሳላይ ለዶክትሬቴ የምጽፈው ነገር ግማሽ ነው። ሁለት ጊዜ አመልክቼ ከልክለውኝ በሦስተኛው ነው የሰጡኝ። አድቫይዘሬ ሲሰማ አቅፎኛል፤ እሱ ሰው የሚያቅፍ ሰው አይደለም።

ሰዓዳ (አንድ አፓርታማ ነው የምንጋራው፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ሐበሻ ሱቅ ውስጥ ካሼር ናት) «ሂጂ፣ እኔ አለሁላቸው» ትላለች። ሁለት ቦታ ነው የምትሠራው፤ መቼ ነው ቤት የምትገኘው?

ነገ እነግራቸዋለሁ።

ማክሰኞ፣ 9

ነገርኳቸው። ሾርባቸውን እየጠጡ ነበር።

«የማንን ገበሬ ነው የምታጠኚው?» አሉኝ።

«የስኮትላንድ።»

«ነጮች ናቸው?»

«አዎ አባባ።»

«ነጭም ከመሬቱ ይፈናቀላል?» ብለው ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ ብሎኝ ወሬው ጣመኝ፤ ዘረገፍኩት። ባላባቶቹ ከገበሬ ይልቅ በግ ያዋጣናል ማለታቸውን፣ ሰዉ ተመልሶ እንዳይገባ የቤቱን ጣሪያ ማቃጠላቸውን፣ ብዙዎቹን መርከብ ላይ እየጫኑ ወደ ካናዳ መስደዳቸውን።

«እየጫኑ?» አሉ።

«አዎ።»

ማንኪያውን አስቀመጡ። ሾርባው ቀረ። ራቱም ቀረ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። ሕመሙ ነው ብዬ ክኒናቸውን ሰጠኋቸው። ወይስ መሄዴ ከፍቷቸው ይሆን?

ረቡዕ፣ 10

መጻፍ አልቻልኩም ነበር። ሰዓዳ ሥራ ገብታለች፣ እሳቸው ተኝተዋል፤ ልሞክር።

ሱብሒ ሰግደው ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጡ ጠሩኝ። «ዘይኑ፣ እናትሽ የሞተችው ቤቷ አይደለም» አሉኝ።

እኔ የማውቀው ቤቷ አልጋዋ ላይ፣ ታማ፣ ሰው ከቧት እንደሞተች ነው። ጅዳ ሆነው በስልክ የነገሩኝ እሱን ነው። እዚህ ሰደቃዋን ያወጣሁት፣ ያለቀስኩትም በእሱ ነው።

እህቷ ዘንድ ሄዳ ኖሯል። እህል ይታደላል ሲባል ከሰው ጋር ወጣች። «እህሉን ስትጠብቅ የመንግሥት መኪና መጣ» አሉ አባባ። «ሰፈራ ነው አሏቸው። እየጫኑ ወሰዷቸው። እኔ ቤት ሆኜ ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች እላለሁ። ፍለጋ ስሄድ ሜዳው ባዶ ነው። የአንዱ ነጠላ፣ የአንዱ ቅል ወድቋል።»

ወስደው ያወረዷት ቆላ ነው። ወባ ገደላት። ከዚያ አምልጦ የመጣ አንድ ያገራችን ሰው ነው መርዶውን ያመጣላቸው። ጅዳ የተሻገሩት ከዚያ በኋላ ነው። መቃብሯ የት እንደሆነ እሱም አያውቅ።

«ለምን አልነገሩኝም?» ብዬ ጮህኩ። አባቴ ላይ ጮህኩ።

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ተነሥቼ ወጣሁና በፌርፋክስ ዝም ብዬ ታች ወረድኩ፣ ላይ ወጣሁ። ይሄን ሁሉ ዓመት ላይብረሪ ተቀምጬ የሰው አገር ሰው ሲጫን አነባለሁ። እማዬን ደግሞ እንዲሁ ሲጭኗት እኔ እዚህ ፈተና እያረምኩ ነበር።

ሐሙስ፣ 11

ሆስፒታል። ሰዓዳ ከሥራዋ ሰዓት ለምና ድራይቭ አደረገችን። በምትሠራበት ሱቅ ስናልፍ በሩ ላይ አበባ አስረዋል፤ ለካ ዘመን መለወጫ ነው። አንድ ሴትዮ አባባን በመኪናው መስኮት «ጋሼ፣ እንኳን አደረሰዎ» አሏቸው። እጃቸውን ወደ ደረታቸው አድርገው «እንኳን አብሮ አደረሰን» አሉ። መርፌውን ሲወጓቸው ግን እጄን ያዙ። አባባ እጅ የሚይዙ ሰው አልነበሩም።

እዚያው ነው የቆረጥኩት። እማዬ ስትሞት አጠገቧ ከእኛ ማንም አልነበረም። አሁን እሳቸውን በዚህ አልጋ ላይ ትቼ አውሮፕላን ልሳፈር?

ከኮሪደሩ ስልክ ካናዳ ደወልኩ። ማርጋሬት፣ የመዝገብ ቤቱ ሴትዮ፣ የሰው ችግር ይገባታል። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ወደ ፀደይ፣ ወደ ሚያዝያ ገደማ፣ ይዛወርልኝ አልኳት። ሕጉ አይፈቅድም፣ ቢሆንም ኮሚቴውን እጠይቃለሁ አለች። ድምፅዋ ሲወርድ ግን ሰማሁት።

ዓርብ፣ 12

አልሆነም። ፌሎውሺፑ የዘንድሮ ነው፤ ካልመጣሁ ለተጠባባቂው ይሰጣል። ማርጋሬት ራሷ ናት የደወለችው። «አይ አም ሶ ሶሪ፣ ዛይነባ» አለችኝ ሁለቴ። ኦኬ፣ ገብቶኛል አልኳት። ስልኩን ዘጋሁና መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ለእማዬ ይሁን ለፌሎውሺፑ አላውቅም። ለፌሎውሺፑም አለቅሳለሁ፤ ምን ላድርግ፣ እውነቱ ይሄ ነው።

አባባ ሲሰሙ ተቆጡ። «እኔን ሰበብ አታድርጊኝ! ሬሳ ልትጠብቂ ነው የቀረሽው?»

«እርስዎን ልጠብቅ ነው።»

«ማን ጠብቂኝ አለሽ?»

ከሰዓዳ እጅ ይበላሉ፤ ከእኔ እንቢ።

ቅዳሜ፣ 13

እንደተቆጡ ናቸው። ሰዓዳ «ሽማግሌ ሲያፍር ይቆጣል» አለችኝ። ያሳፈርኳቸው እኔ ነኝ ማለት ነው? ጮኼባቸዋለሁ፣ ይቅርታ አልጠየቅኩም። ከሰዓት በኋላ ጉልበታቸውን ስሜ ጠየቅኳቸው። ራሴን ዳበስ አደረጉኝ።

እሑድ፣ 14

ዛሬ ነበር የምሄደው። አውሮፕላኑ በሚነሳበት ሰዓት ልብስ ማጠቢያው ቤት ነበርኩ፤ አውቄ ነው የሄድኩት።

ስመለስ አባባ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። «ነይ» አሉኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እነዚያ ስኮትላንዶች፣» አሉ፣ «ሴቶቹ ምን ብለው ይለምኑ ነበር?»

አንድ መጽሐፍ ላይ ያነበብኩትን ነገርኳቸው። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት፣ አሮጊት እናቷ አልጋ ላይ ነች። እናቴ እስክታርፍ ድረስ ብቻ ቤቴን አታፍርሱብኝ፣ ከዚያ በኋላ በፈለጋችሁት መርከብ እሄዳለሁ ብላ አስጻፈች።

«ፈቀዱላት?»

«መጽሐፉ እዚያ ላይ ያቆማል፣ አባባ። መልሱ ካለ ያለው ካናዳ ነው፤ እኔ ላየው የነበረው ሣጥን ውስጥ።»

መስኮቱን ሲያዩ ያለቀሱ መሰለኝ፤ አላረጋገጥኩም።

«እኔ ትንሽ ልበርታና፣» አሉ በመጨረሻ፣ «አብረን ሄደን እናየዋለን።»

«እሺ» አልኳቸው።

ውጤቱ ማክሰኞ ነው። አሁን ከእጄ ሩዝ በልተው ተኝተዋል።