ዝም ስል የሚጠፋው ድምፅ ማጉያ

የካቲት 24

ሁለት ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። ሙቀቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ አያስቆምም። ጉሮሮዬ ያው ነው። ሐኪሙ "ሁለተኛ እንዳትጮህ" ብሎኛል… ሰባ ስምንት ልጅ ያለበት ክፍል አይቶ አያውቅም መሰለኝ። ዳይሬክተሩ አቶ ጸጋአብም "እስከ መጋቢት መጨረሻ ካልተሻለህ ላይብረሪ ትገባለህ" አሉኝ። አዝነውልኝ ነው። ግን መጽሐፍ ልጠብቅ ነው ፊዚክስ የተማርኩት?

የካቲት 27

ድምፅ ማጉያ ሠራሁ። ስፒከሩ ከተበላሸ ሬዲዮ፣ አምፕሊፋየሩ ከገበያ፣ ኃይሉ ከስልኬ ፓወርባንክ። ቤት ስሞክረው ደህና ነበር። ክፍል ውስጥ ሦስት ጊዜ ጠፋ።

የካቲት 28

ሽቦውን ቀየርኩ። ብየዳውን ደገምኩት። ቮልቱን ለካሁ፤ አምስት፣ ልክ ነው። ሙቀቱ ይሆን? ፓወርባንኩን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልዬ ገባሁ፤ ልጆቹ ሳቁብኝ። እንደገና ጠፋ።

መጋቢት 3

ደረስኩበት። ሳወራ አይጠፋም። የሚጠፋው ጠይቄ መልስ ስጠብቅ ነው። እንግዲያው አልጠብቅም።

መጋቢት 12

ከሳምንት በላይ ያለ ፋታ አወራሁ። የኤሌክትሪክ ምዕራፍ አለቀ። አንድም የጠየቀ የለም። ድምፄ ግን ብሶበታል… ደክሞኛል።

መጋቢት 13

መሃል ከተማ፣ ስልክ ጠጋኙ ኦጅዋክ ጋ ሄድኩ። ተናግሬ ሳልጨርስ ገባው።

"ቲቸር፣ ይሄ ፓወርባንክ ለስልክ ነው የተሠራው። አንተ ዝም ስትል ኃይል የሚወስድ የለም። እሱ ስልኩ ሞላ ብሎ ይዘጋል።"

አሥራ አንድ ዓመት ኤሌክትሪክ ያስተማርኩት እኔ ነኝ…

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ኃይሉን የሚበላ ነገር ስጠው።"

ከእጅ ባትሪ አንድ አምፖል ነቅሎ ገጠመልኝ። እኔ ዝም ብልም አምፖሉ ኃይል ይወስዳል። ፓወርባንኩ ቶሎ ያልቃል፤ ይለቅ።

መጋቢት 15

ጠየቅኩ። ዝም አልኩ። አልጠፋም። እጁን ያወጣ ግን የለም። አቶ ጸጋአብ በመስኮት ሲያልፉ እንዲሁ ቆሜ አዩኝና ገቡ።

"ምነው፣ ድምፅህ እምቢ አለ?"

"መልስ እየጠበቅኩ ነው" አልኳቸው።

ከኋላ ኛሙዎን እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ከቮልቴጅ ጀምሮ አልገባንም።" ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ይሄን ሁሉ ቀን ለማን ነበር የማወራው? አፈርኩ።

"በል አስተምራቸው" ብለው አቶ ጸጋአብ ወጡ። ምዕራፉን ከመጀመሪያው ገጽ ከፈትኩ።