የክትባቱ ካርታ

ቢቸና፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ አብዱልዋሂድ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አሥመራ እንዴት ይዞዎታል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ።

ለፈንጣጣ ክትባት ቡድኑ ካርታ የምሠራው እኔ እህትዎ ነኝ ብልዎ ያምናሉ? መጀመሪያ ተራራውንም፣ ዛፉንም፣ ጎጆውንም አንድ ሳላስቀር ሣልኩ። አለቃችን አቶ ባዘዘው አይተው፣ «ዘይዳ፣ ሥዕሉስ ያምራል፤ ግን ክትባት የያዘ ሰው በየት በኩል ይሂድ?» አሉኝ። አፈርኩ። እንደገና ጀምሬ መንገዱን፣ ወንዙንና ገበያውን ብቻ ሣልኩ፤ በሽታው የታየበትን መንደር በቀይ ነጥብ፣ ብዙ ሰው የታመመበትን ደግሞ በትልቅ ነጥብ አመለከትኩ። ትናንት ከደብረ ማርቆስ የመጡ ሐኪም፣ «በዚህ የሚሄድ ሰው አይሳሳትም» ብለው ጨበጡኝ።

እህታችን ኸይራት ወንድ ልጅ ተገላግላለች። እናታችን ልታርሳት ከሞጣ በታች ወዳለው መንደሯ ከወረደች ሦስት ሳምንት ሆናት። ገበያ የሚወጣ ሰው አጥታ ይሆናል፣ ወሬ አልላከችም። በካርታዬ ላይ በዙሪያቸው ሦስት ነጥብ አለ፤ የእነሱን መንደር ገና ባዶ ትቼዋለሁ።

ነገ ቡድኑ ወደዚያ ይወርዳል። «መንገዱን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም» ብዬ ለምኜ፣ አብሬ እንድሄድ ተፈቅዶልኛል።

የሕፃኑን ስም እንኳ አልሰማሁም። በዱዓዎ አይርሱን፤ አላህ ሁላችንንም በጤና ያገናኘን።

እህትዎ ዘይዳ