በሩን ማን ዘጋው?

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ዛሬም እንደ ትናንቱ። ከየካ አባዶ ቦሌ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ግማሹን በታክሲ ሰልፍ። ካፌው ጢም ብሎ ነበር። ማኪያቶው፣ ፉሉ፣ ጭማቂው... ሁሉም በጭንቅላቴ። ባለቤቱ ጋሽ እሸቴ ወረቀት አይወዱም። «እየጻፈ የሚታዘዝ አስተናጋጅ ትራፊክ ፖሊስ ነው የሚመስለኝ» ይላሉ። የቀጠሩኝም የስምንት ሰው ትእዛዝ ሳልጽፍ ስላመጣሁላቸው ነው።

ዛሬ ግን የአንዱን ሰውዬ ፉል ረሳሁት። በአሥር ቀን አራተኛዬ። ጋሽ እሸቴ አልተቆጡም፣ ፉሉን ራሳቸው ወስደው አቀረቡለት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ይህን ሥራ ባጣ እኔና አባባ ምን እንበላለን?

ስወጣ ቆልፌያለሁ? ቆልፌያለሁ። ቡታጋዙን አጥፍቻለሁ? አዎ... መሰለኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

አባባ ዛሬ ጠዋት ብቻ ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። በሩን ማን ዘጋው? ንፋስ ነው አባባ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ያንኑ። ንፋስ ነው አባባ...

ሰኔ ላይ ወጥተው ጠፍተው፣ ማታ ሰሚት ተገኙ። የድሮ መሥሪያ ቤታቸውን ሲፈልጉ። ከዚያ ወዲህ ነው ከውጭ ጓጉንቸር የማንጠለጥልባቸው። ብሎካችን ውስጥ የሚያውቅ የለም። ምን ብዬ ልናገር? አባቴን ቆልፌባቸው ነው የምሄደው ልበል?

የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። የዛሬ አርባ ዓመት ያገናኟቸውን ቁጥሮች ዛሬም ይጠሩልኛል። አሁን የጠየቁኝን ግን አያውቁትም። ልጅ ሆኜ «ቁጥር ሁለት ሁለት እያረግሽ ያዢው» ይሉኝ ነበር። ትእዛዝም የምይዘው እንደዚያው ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ማስተዋል መጣች። ጥጉ ጋ ተቀምጣ የምታጠናዋ ደንበኛችን፣ የሳይኮሎጂ ማስተርስ ተማሪ። እንዴት ሳልጽፍ እንደምይዝ ሁልጊዜ ይገርማታል። ዛሬ ካፌው ቀዝቀዝ ሲል ልፈትንሽ አለች።

ስምንት አሃዝ ነገረችኝ። ሁለት ሁለት አድርጌ መለስኩላት። ቀጥላ «ቡና፣ ቡና፣ ቡና» እያልኩ ሌላ ስምንት እንዳነብ አደረገችኝ። ልመልሰው ስል ብን አለ! ቁጥሩን የምንይዘው በሆዳችን እየደጋገምነው ነው አለች፤ አፌ ሥራ ሲይዝ የውስጡም ድምፅ ይዘጋል። ግን እዚያው ቡና ቡና እያልኩ ማን የት እንደተቀመጠ በጣቴ አሳየኋት፣ አንድም አልሳትኩ። ለዓይንና ለቦታ ሌላ መያዣ አለ አለችኝ።

«ጭንቅላትሽ ውስጥ አንድ ትሪ አለ በይው» አለችኝ። «አሁን የምትሠሪበትን ነው የሚይዘው። ሦስት፣ አራት ነገር፣ በቃ። ካቋረጡሽ ይወድቃል። ጭንቀትም ቦታ ይይዛል።» ቀና ብላ አየችኝ። «ሁልጊዜ በሆድሽ የምትደጋግሚው ነገር አለ እንዴ?»

የለም አልኳት። ዋሸሁ።

ቁልፍ፣ ቡታጋዝ፣ አባባ። ቁልፍ፣ ቡታጋዝ፣ አባባ። ከአራቱ ሦስቱ ተይዟል። በአንዷ ነው እንዴ የማስተናግደው?

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ውሃ ከጠፋ አምስተኛ ቀን። ጀሪካኑም አለቀ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሁሉንም በተራው ልጻፈው።

ጠዋት የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፈትኩት፣ ጠብታ የለም። ልዘጋው ስል ስልኬ ጮኸ። ጋሽ እሸቴ ነበሩ፣ ሰው ቀርቷልና ቶሎ ድረሺ። እሺ አልኩ። ቁልፍ፣ ቡታጋዝ፣ አባባ... ቧንቧው ከትሪው ወደቀ።

ውሃው አምስት ሰዓት ላይ መጣ። ማጠቢያውን ሳህን ደፍኖት ነበርና ሞልቶ ፈሰሰ። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ሰዓዲያ ጣሪያዋ ሲያንጠባጥብባት ወጣች፣ ጓጉንቸር አየች። ሰው የለም ብላ ልትመለስ ስትል ከውስጥ ተንኳኳ። ኮሪደሩ ላይ ያለውን የውሃ ቆጣሪ ዘግታ፣ ቁጥሬን ከብሎኩ ኮሚቴ ወስዳ ደወለችልኝ።

አንድ ሰዓት ተኩል። ታክሲው ውስጥ ማልቀስ እንኳ አልቻልኩም። የቆለፍኩባቸው እኔ፣ ቁልፉን የያዝኩት እኔ።

ስደርስ ሰዓዲያ በሩ ሥር ቁጭ ብላ በብረት በሩ ክፍተት ታወራቸዋለች። ለካ እስክመጣ ከዚያ አልተነሳችም። ከፈትኩ። አባባ ባዶ እግራቸውን ውሃው ውስጥ ቆመዋል፣ ሱሪያቸው ርሷል። እጃቸው በርዶ ነበር። አፈርኩ... መሬት ብትውጠኝ አልጠላም ነበር።

ሰዓዲያ አልተቆጣችኝም። እንዲህ ብቻ አለች፦

«ማን ዘጋብዎት አባቴ ብዬ ስጠይቃቸው፣ ልጄ አይደለችም፣ ንፋስ ነው አሉኝ። ደጋግመው።»

ሌላውን ሁሉ የሚረሱ ሰው። በየቀኑ ስለነገርኳቸው፣ ውሸቴ ብቻ ገብቶ ቀረ።

ከዚያ እጇን ዘረጋች። «ቁልፉን ስጪኝ ምንትዋብ። ጎረቤት እያለሽ እንዲህ ይደረጋል?»

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ጓጉንቸሩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ትርፍ ቁልፉ ሰዓዲያ ጋ። አባባ ቀን ቀን እሷ ቤት ይውላሉ፣ ስፌት መኪናዋ አጠገብ። ክር ያቀብሏታል፣ የድሮ ስልክ ቁጥር ይነግሯታል። ጣሪያሽን አስቀባልሻለሁ ብላት አሁን አይቸኩልም አለችኝ።

ለጋሽ እሸቴም እውነቱን ነገርኳቸው። አቀርቅረው ሰሙኝ። በማግስቱ ደብተር ይዤ ብገባ አዩኝና ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው ሰጡኝ። ዛሬ ግን የዘጠኝ ሰው ትእዛዝ በጭንቅላቴ ይዤ ደብተሩን ሳልገልጠው ቀረሁ።

ማታ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ወለሉን እጠርጋለሁ። አባባ ደፉ ላይ ቆሙ።

«በሩን ማን ዘጋው?»

«እኔ ነኝ አባባ። ያኔ ስዘጋው የነበርኩት እኔ ነኝ።»

እጄን መታ መታ አደረጉኝ።

«አይ፣ አንቺ አይደለሽም» አሉ። «ንፋስ ነው።»

ነገም እነግራቸዋለሁ።