በሌለሁበት የተባለ ይቅርታ

ይድረስ ደሴ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ለሰው ሁሉ እርቅ ሲያወርዱ ላየኋቸው ለአባቴ ለአቶ ኸሊፋ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? የጉልበትዎ ቁርጥማት ዘንድሮስ ታገሰልዎት? እማዬስ እንዴት ናት? የዓይኗን ጠብታ በሰዓቱ ታደርጋለች ወይስ እንደ ልማዷ «ዛሬ ደኅና አያለሁ» ብላ ትተወዋለች? ታናናሾቼ ኑራና ሸኪብስ፣ ጎረቤቱስ ሰላም ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ከቀኝ እጄ በቀር ሁሉ ነገሬ ደኅና ነው፤ እሱም ቢሆን ይኸው ደብዳቤ መጻፍ ጀምሯል።

የጻፍኩልዎ ስልክ አጥቼ አይደለም። በስልክ ሲሆን ነገሩ ወደማይወዱት ሲያዘነብል «እሺ የኔ ልጅ፣ እናትሽን ላገናኝሽ» ይሉና ያመልጡኛል። ይህን ግን ኑራ በስልኳ ተቀብላ እስከ መጨረሻው ታነብልዎታለች። አንዲት ቃል እንዳትዘል ቃል አስገብቻታለሁ።

ነገሩ ይህ ነው፤ ሙነወር እጄን ሰበረ፣ እርስዎ በእኔ ፈንታ ይቅር አሉት። የመጀመሪያውን ያወቅኩት እዚያው ስወድቅ ነው። ሁለተኛውን የሰማሁት ግን ትናንት፣ ከሰው አፍ ነው።

ለእርስዎ የደረሰው ወሬ «ሲጨቃጨቁ ሳሙና አንሸራተታት» የሚል እንደሆነ አውቃለሁ። እንግዲህ ከእኔም ይስሙ። እኔ በምኖርበት የስቶክሆልም ሰፈር፣ በሮግስቬድ፣ የሕንፃው ሰው ሁሉ ልብሱን የሚያጥበው ምድር ቤት ባለች አንዲት ክፍል ነው፤ ትቬትስቱጋ ይሏታል። ተራ የሚያዘው በሰሌዳ ላይ ነው። የዚህ አገር ሰው መንግሥቱን ቢሰድቡበት አብሮ ይስቃል፤ የማጠቢያ ተራውን ከነኩበት ግን ዓይኑ ይቀላል። እኔም እዚህ ስኖር ይህን ጠባይ ወርሻለሁ። በነሐሴ ወር፣ በአንዱ እሑድ፣ በተራዬ ብወርድ የሙነወር ልብስ በማሽኑ ውስጥ ይሽከረከራል። ሙነወርን ያውቁታል፤ እናቱ ኮምቦልቻ ያሉት፣ ከእኔ ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ የሚኖረው፣ በየሰርጉ ወንበር እየደረደረ «ጨዋ ልጅ» የሚባለው። እስኪያልቅለት ጠበቅኩና ልብሱን አውጥቼ ቅርጫት ውስጥ ከተትኩት። መጣና ልብሱን የምነካ እኔ ማን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ሰሌዳውን እንዲያነብ ነገርኩት። ማንበብ ካቃተውም ላነብለት እንደምችል ጨመርኩለት። ይህችን ባልጨምራት ይሻል ነበር የሚሉ አሉ፤ እኔ ከእነሱ መካከል አይደለሁም። በሁለት እጁ ገፈተረኝ። የማድረቂያው ጠርዝ ላይ ወደቅኩ፣ የእጄ አንጓም ተሰበረ። ሳሙናው በዚያ ሰዓት ገና ካርቶኑ እንኳ አልተከፈተም ነበር።

ፖሊስ ጠራሁ። ቃሌን የተቀበለችው ፖሊስ ከጨረሰች በኋላ በወንጀል የተጎዱትን የሚደግፍ ማኅበር እንዲደውልልኝ እፈልግ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ምን ያደርጋሉ ብላት ያዳምጣሉ አለችኝ። ከዚያስ ብላት እንደገና ያዳምጣሉ አለችኝ። መንግሥት ደግሞ በራሱ ወጪ ጠበቃ አቆመልኝ፤ ለእኔ፣ ለተመታሁት። ይህን ለአንዲት የወሎ ልጅ ባወራላት ጠበቃ የሚያስፈልገው ለመታው ነው፣ ለተመታውማ ወጌሻ ነው እንጂ ብላ ሳቀችብኝ። ፍርድ ቤትም ብሄድ ከሙነወር ጋር ተፋጥጬ እንዳልጠብቅ የምቀመጥበት ሌላ ክፍል አለ። ካሣም መጠየቅ እችላለሁ። ሁለት ዲግሪ ይዤ ይህን ሁሉ መብት እንዳለኝ ለማወቅ እጄ መሰበር ነበረበት።

ማኅበሩ የመደበልኝ ደጋፊ ጉንቮር ትባላለች፤ ጡረታ የወጣች የዋና አስተማሪ ናት። አትመክርም፣ አትፈርድም፣ በእኔ ፈንታም አትናገርም። የስዊድን ሰሜን ሰው ስለሆነች «እየሰማሁሽ ነው» ለማለት ልክ እንደ እኛ እናቶች ትንፋሿን ወደ ውስጥ ትስባለች። መጀመሪያ የሰማኋት ዕለት እማዬ ትዝ ብላኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ይህን ለማንም አይንገሩብኝ።

ትናንት ታዲያ ከሙነወር ወገን ሽማግሌ ተላከብኝ። አንደኛው ሱንድቢበሪ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ሙዝደሊፋ ናቸው፤ ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡት ዶክተር መሸሻ። ቤትሽ እንምጣ ቢሉኝ እምቢ ብዬ የሰፈሩን ቤተ መጻሕፍት ትንሽ ክፍል ለአንድ ሰዓት ያዝኩ። ጉንቮርንም አጠገቤ እንድትቀመጥ ለመንኳት። ሐጂ ገና እንደተቀመጡ ያንቺ ወገን ሽማግሌ ማነው አሉኝ፤ ሁለቱም ወገን ሽማግሌ ከሌለው እርቁ አይጸናማ። እኔም በንዴት ወደ ጉንቮር እያመለከትኩ እኚህ ናቸው አልኳቸው።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እኔን ረስተው ከጉንቮር ጋር መደራደር ያዙ። ሁለቱም ስዊድንኛ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ፤ ግን ሐጂ ሽምግልና በስዊድንኛ አይሞቅም ብለው በአማርኛ ቀጠሉ። አስተርጓሚዋ እኔው ሆንኩ። «ልጅቷ ትምህርቷ መልካም ነው፣ አመሏ ግን እሾህ ነው፤ እርስዎ ይምከሩልን» ያሉትን በታማኝነት የተረጎምኩት ራሴ ነኝ። ጉንቮር ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ይህች ሴት የሰው ወግ ታውቃለች ብለው ተያዩ።

መጀመሪያ ሙነወር በስልክ ይቅርታ እንዲጠይቀኝ ሐሳብ አቀረቡ። ጉንቮር ዝም። በአካል ይምጣ አሉ። ዝም። የማጠቢያ ተራውን እስከ ረመዷን ይልቀቅላት አሉ፤ እዚህ ላይ እኔ ትንሽ ልቤ ተንቀሳቀሰ፣ ጉንቮር ግን ዝም። ዝም አይነቅዝም ማለት ይህ ነው። ሐጂ ግንባራቸውን በመሐረብ ጠርገው «እኚህ ሴትዮ ቀላል አይደሉም» አሉኝ፤ እሱን አልተረጎምኩትም። በመጨረሻ ድንጋይ ተሸክሞ እግሯ ላይ ይውደቅ አሉ። ይህን ስነግራት ጉንቮር ድንጋዩ ምን ያህል እንደሚሆን ልትጠይቅ ከጅሏት ነበር፤ ሥራዋ አይደለምና ዋጠችው።

ይህ ሁሉ ስጦታ ለምን እንደሆነ ስጠይቅ ነገሩ ወጣ። ክሱን አንሺ እንዳይሉኝ ክሱ የእኔ አይደለም፤ የዐቃቤ ሕግ ነው፣ እኔ ብተወው እሱ አይተወውም። ዶክተር መሸሻ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ስለዚህ የፈለጉት የፊታችን ሐሙስ ፍርድ ቤት ቆሜ ሳሙና አንሸራተተኝ እንድል ነው። ሐጂን መካ ደርሰው መጥተው ዋሺ ይሉኛል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ከዚያ የቀረቻቸውን የመጨረሻ ቃል መዘዟት።

«አባትሽ እኮ ይቅር ብለዋል። የሙነወር ዘመዶች በግ ነድተው ደሴ ሄደው ጨርሰዋል። አሁን አንቺ ብትመሰክሪ የአባትሽ ቃል መሬት ወደቀ ማለት ነው» አሉኝ።

አባባ፣ ይህን መተርጎም አቃተኝ። ሐጂ ያሸነፉ መስሏቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በስዊድንኛ ጉንቮርን እርስዎስ ምን ይላሉ አሏት። እሷም «እኔ የመጣሁት ለመናገር አይደለም። ብቻዋን እንዳትቀመጥ ነው» አለቻቸው። ይህን ብላ ሳትጨርስ ከእኛ ቀጥሎ ክፍሉን የያዙት ሹራብ ሠሪዎች ክራቸውን ታቅፈው ገቡ። ሽምግልና ሳይጨርሱ ተነሥተው የማያውቁ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ወንበራቸውን ለቅቀው ወጡ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲሉ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። የወይዘሮ ፋናዬ ባል ወንድሞች እሷ በተበደለችበት ነገር እሷ በሌለችበት ሊታረቁ እኛ ቤት የመጡ ዕለት ሻይ የማቀርበው እኔ ነበርኩ። «የተበደለችው የት አለች?» ብለው ሻዩን ሳይጨርሱ መለሷቸው። እሷን ይዘው ሲመጡ እርስዎ ሌላውን ሁሉ ዝም አሰኝተው ከእሷ ጀመሩ። ታዲያ የእኔ ተራ ሲደርስ ያ ጥያቄ የት ሄደ? ሩቅ ናት እንዳይሉኝ፣ በጉ የገባ ዕለት ኑራ ፎቶውን ልካልኝ ነበር። ለምን እንደመጣ አልነገረችኝም። እኔም «ማሻ አላህ፣ ያምራል» ብዬ መለስኩ፤ የገዛ ስብራቴን ዋጋ መረቅኩት ማለት ነው።

ሐሙስ እመሰክራለሁ። የሆነውን እናገራለሁ፤ ላነብልህ ያልኩትንም አልደብቅም። ሙነወርን ይቅር እለው ይሆናል፣ አልለው ይሆናል፤ እሱ የእኔ ነው፣ ጊዜዬ ሲደርስ አስብበታለሁ። የእርስዎ ቃል እንዲወድቅ ግን አልፈልግም። ለመጡት ሰዎች በጉን ይመልሱና «ልጄን አልጠየቅኳትም ነበር» ይበሏቸው። ይህን ማለት እንደሚከብድዎ አውቃለሁ። ለእኔም ለእርስዎ እንዲህ ብሎ መጻፍ ቀሎኝ አይምሰልዎ። ብቻ ከሐሙስ በፊት ይደውሉልኝና እንደ ማንኛውም ተበዳይ ምን እንደደረሰብኝ ይጠይቁኝ። ከዚያ በኋላ ቢቆጡኝ እሰማለሁ፤ እመሰክራለሁም።

እማዬን ሁለት ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ጠብታዋንም አደራ። ሸኪብ ፈተናውን በርትቶ ያጥና። ኑራን የማይነበበውን ሁሉ ስላነበበች አላህ ምላሷን ይባርክልኝ ይበሏት። ለጎረቤታችን ለእትዬ ያለምወርቅ ሰላም ይበሉልኝ። የሙነወርን እናት ካገኟቸውም ሰላምታዬን አይንሷቸው፤ ከእሳቸው ጋር ጠብ የለኝም። ጉንቮርም ሰላም ብላዎታለች። ስለ እርስዎ ሁሉንም ነግሬያት ትንፋሿን ሳበች እንጂ አልፈረደችብዎትም፤ ሥራዋ አይደለም። እኔም እስኪደውሉ ድረስ አልፈርድም።

ልጅዎ ሂክማ ኸሊፋ
ሮግስቬድ፣ ስቶክሆልም
እሑድ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.