ስለ እርጥቡ ታንኳና ስለ ጠፉት አሥራ አራት ገጾች

ለተከበሩ አቶ ጥዑመ ልሳን
የደንገል ቴሌቪዥን የድራማ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎና በተለይም ድራማውን የጻፉት ባለሙያዎች በሙሉ ጤንነት እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ፤ አሥራ ሦስቱንም ክፍል ከተመለከትሁ ወዲህ ስለ ጤንነታቸው ሳስብ ሰንብቻለሁና። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ስሜ ብሥራት ሣህሉ ሲሆን የዘንዘልማ ነዋሪና የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ።

አባቴ ሳይወለድ የታተመውን «የደልጊው ታንኳ» የተባለውን የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ወደ ቴሌቪዥን ስላመጡልን በቅድሚያ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ይህን ደብዳቤ ሳይላክ ለሚያነቡት፣ መጽሐፉን ግን ላላነበቡት ጎረቤቶቼ ባጭሩ ልግለጸው። በጣና ሐይቅ ዳር ባለችው ደልጊ አንድ ዓሣ ነጋዴ ተገድሎ ይገኛል። የሚጠረጠሩት ታንኳ ሠሪው ተክለ ጊዮርጊስ፣ የሟች ሚስት እናትዓለምና መምህር አበራ ናቸው። ሦስቱም ከሳምንት ወዲህ ሐይቅ አልገባንም ብለው ይምላሉ። ሽማግሌው ኢንስፔክተር ገድሉ ግን ሦስቱ በጋራ የሚጠቀሙበትን፣ አጥር ተደግፎ የቆመውን የደንገል ታንኳ በመዳፋቸው ይዳስሱታል። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ትናንት የተቀዘፈበት ታንኳ ዛሬ ፀሐይ ላይ ቢያቆሙትም ከሥሩ እርጥብ ነው። ታንኳው እርጥብ ሆኖ ይገኛል፤ እንግዲህ ከሦስቱ አንዱ ዋሽቷል።

ይህን ካልሁ ዘንድ ጥቂት ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. በድራማው ታንኳው ባለ ሞተር የፋይበር ጀልባ ሆኗል። በደንገል ስም የሚጠራ ጣቢያ በጣና ዳር አንድ የደንገል ታንኳ ማጣቱ ከሥራ ብዛት እንደሆነ ተረድቻለሁ። ሆኖም ኢንስፔክተሩ ሐይቁ ላይ ተንሳፍፎ የቆመውን ጀልባ ዳስሰው «እርጥብ ነው» ብለው ሲደነግጡ፣ አብሮን ያይ የነበረው የስድስት ዓመቱ የጎረቤታችን ልጅ ኪዳነ ወልድ «ታዲያ ምን ሊሆን ነበር?» ብሎ ጠይቆናል። መልሱን ከእርስዎ እንጠብቃለን።

፪. በመጽሐፉ ኢንስፔክተር ገድሉ አንድ እግራቸው የሚያነክስ የስድሳ ሰባት ዓመት አዛውንት ናቸው። በድራማው በቆመ ባጃጅ ላይ ዘለዋል። በዚያው ባጃጅ ከደልጊ ተነሥተው ከሐይቁ ማዶ ይፋግ የደረሱት የቀዱት ሻይ ሳይበርድ ነው። እኔ ከዘንዘልማ ትምህርት ቤት ለመድረስ በየቀኑ ስለማረፍድ፣ የሾፌሩን ስልክ ቁጥር ቢልኩልኝ ውለታዎን አልረሳም።

፫. ገዳዩ በክፍል አሥራ ሁለት ጥቁር መነጽር አድርጎ ከአውሮፕላን የወረደ፣ በመጽሐፉ ጨርሶ የሌለ ሰው ነው። ማንም ሳይጠይቀው ተናዘዘ፤ እንደ እኛው ደክሞት ይሆናል። ሦስቱ ተጠርጣሪዎችም ተቃቅፈው እስክስታ ወረዱ።

ይህን ሦስተኛውን ትንሽ ላስረዝመው ይፍቀዱልኝ። መጽሐፉን ከትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ተውሰን ያነበብነው እኔና ታላቅ እህቴ ማህሌት ነን። ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ሲሆን የመጨረሻዎቹ አሥራ አራት ገጾች ተገንጥለዋል። የሚያበቃው ኢንስፔክተሩ ሦስቱን ሰብስበው «እንግዲህ ታንኳውን የወሰደው» ሲሉ ነው። እኔ መምህር አበራ ነው አልሁ። ማህሌት ሳቀችብኝና የራሷን ግምት በወረቀት ጽፋ፣ አጥፋ፣ በሙጫ አሽጋ ሰጠችኝ። መጨረሻውን ስናገኝ ሊከፈት፣ የተሸነፈም የሌላውን ዩኒፎርም ዓመት ሙሉ ሊያጥብ ተስማማን። ሚያዝያ ላይ ታመመች፤ በሦስተኛው ሳምንት ዐረፈች። ወረቀቱ በኮምፓስ ሣጥኔ ውስጥ ቀረ። እርስዎ በመስከረም ወር በጣቢያዎ ቀርበው መጽሐፉን ሦስት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ማንበብዎንና ድራማውም ከመጽሐፉ ቃል በቃል መወሰዱን ሲናገሩ፣ አሥራ ሦስት እሑድ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጥሁት ያንን ወረቀት ለመክፈት ነበር።

የመጨረሻው ክፍል እንዳበቃ ከፈትሁት። እንዲህ ይላል፦ «ገዳዩን እኔም አላውቀውም። አንተ ያልኸው ግን አይደለም፤ መቼ አግኝተህ ታውቃለህ።»

በድራማዎ መሠረት እህቴ አሸንፋለች። ዩኒፎርሟን አጥቤዋለሁ፤ ታጥፎ ተቀምጧል። መሸነፍ አይከብደኝም፤ በእሷ መሸነፍን ለምጄዋለሁ። ነገር ግን በባለ መነጽሩ ሰውዬ ሳይሆን በመጽሐፉ ልሸነፍ እሻለሁ። ስለዚህ ከሙት ዓመቷ በፊት የአሥራ አራቱን ገጾች ፎቶ ኮፒ እንዲልኩልኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

የጣቢያዎ ጀልባ አይስጠም፣ የኢንስፔክተርዎ ጉልበት አይዛል፣ የእርስዎም ወንበር እንደ ደንገል ይለምልም እያልሁ፣ እሑድ እሑድ ሌላ ሥራ ያገኘሁ የቀድሞ ተመልካችዎ ነኝ።

ብሥራት ሣህሉ
ከዘንዘልማ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፖስታውን ካሸግሁ በኋላ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ከፈትሁት። ጀልባውንና ባጃጁን ከተውናቸው፣ ድራማው እስከ ክፍል አሥራ አንድ ድረስ መጽሐፉን ተከትሏል። ክፍል አሥራ አንድ ያበቃው ልክ እንደ እኛው የተገነጠለ ቅጂ «እንግዲህ ታንኳውን የወሰደው» በሚለው ቃል ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አውሮፕላን መጣ። እኔ ተማሪ ነኝ፤ ሰው አልወነጅልም። ኢንስፔክተር ገድሉ ቢሆኑ ግን «ከዳር እስከ ዳር ቀዝፌያለሁ» የሚሉበትን የእርስዎን ታንኳ በመዳፋቸው ዳስሰው «ይኸ እኮ ደረቅ ነው» ይሉ ነበር።