ከነጎድጓዱ በኋላ የጮኸው ሰውዬ

ካትስኪል፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1855

ለልጅ ልጄ ለሄይልቼ፣ ለቤታችን ጉሮሮ፤

ጤናሽን ጌታ ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሬሳ ሣጥን ሠሪው ጎረቤታችን ባየኝ ቁጥር ቁመቴን በዓይኑ ይለካል፤ እኔም እንዲሳሳት ብዬ ጎንበስ እላለሁ።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። «በዘፈኔ መሃል አንድ ሰካራም ጮኸ፣ ሕዝቡም ሳቀብኝ፤ ቅዳሜ መድረክ አልወጣም፣ ስፌት እገባለሁ» ትያለሽ። መርፌ እንዳትነኪ! ሰካራሙን አውቀዋለሁ፤ አጠገቤ ነበር የተቀመጠው። ከውሃ በቀር አይጠጣም፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፣ አባትሽ ነው።

አዎ፣ ዘፋኝ ከሆንሽ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ስምሽ በቤቱ እንዳይነሳ የከለከለው ያኮቡስ ራሱ። ጥፋቱ የእኔ ነው። «ኒው ዮርክ ጎበዝ የጆሮ ሐኪም አለ፣ ውሰደኝ» ብዬ በእንፋሎት መርከብ አመጣሁትና ቴአትር ቤት አስገባሁት።

«አባዬ! ይህ ሁሉ ሰው ጆሮውን ታሞ ነው?» ብሎ ጮኸብኝ።

«አዎ፤ ዛሬ ሁሉም ይድናል» አልኩት።

መጋረጃው ተከፈተ። የገዛ ተራራችንን አየ፤ ሃያ ዓመት የተኛውን የተረታችንን ሰውዬ አየ፤ ቀጥሎ አንቺን፣ የሰውዬውን ልጅ ሆነሽ። ብድግ ሊል ሞከረ፤ የኮቱ ጫፍ ላይ ተቀምጬበት ነበርና አልቻለም።

ከዚያ ከመድረኩ ጀርባ የብረት ኳስ አንከባለው ነጎድጓድ አደረጉ። የእኛን አገር ደንብ ታውቂያለሽ፦ ሰማዩ ሲያጓራ የተራራው ሽማግሌዎች ለጨዋታ ያቆሟቸውን ዘጠኝ እንጨቶች ሊጥሉ ኳስ እያንከባለሉ ነው፤ አባወራው ባርኔጣውን አውልቆ ካልመረቃቸው ኳሷ የፖም ዛፎቻችን ላይ ትወርዳለች። አባትሽ «ተረት ነው» ይላል እንጂ አንድ ቀን ሳይመርቅ ቀርቶ አያውቅም። ኮቱ ተረተር ብሎ ተቀደደ፤ ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀና ባለ በሌለ ድምፁ፣ ከሆላንድ በመጣው ደችኛችን፣ «ዘጠኙም ይውደቁላችሁ!» አለ።

የሳቁት በእሱ ነው፣ በአንቺ አይደለም። በኦፔራው ልጅቱ አባቷን የምትረሳው ሃያ ዓመት ቆይታ ነው፤ አንቺ በሦስት ዓመት የአባትሽን ድምፅ ረሳሽ?

ስንመለስ መርከቡ ላይ የተቀደደውን ኮቱን ጭኑ ላይ አጥፎ ተቀመጠ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ «ልጅቷ ከስታለች» አለ።

ዛሬ ደግሞ ኮቱን ሲሰፋ ያዝኩት። «ቅዳሜ የአባዬን ጆሮ ዳግመኛ ላሳይ» ይላል። የትኛው ሐኪም እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ስለዚህ ቅዳሜ መድረክ ላይ ውጪ፤ ከግራ በኩል ሦስተኛው ረድፍ ተመልከቺ። ነጎድጓዱ ሲመጣ ዝም በይና ጠብቂው፤ መጮኹ አይቀርም።

«ዘፈኔ እንዴት ነበር?» ብለሽ እኔን እንዳትጠይቂ። ነጎድጓዱን እንኳ ወለሉ ሲንቀጠቀጥ በጫማዬ በኩል ነው ያገኘሁት፤ የቀረውን ከአባትሽ ፊት ላይ አነበብኩ። ጉንጩ ርሶ ነበር፤ እንግዲህ ጥሩ ሳትዘፍኚ አልቀረሽም።

ጉሮሮሽን ጌታ ይባርክ። ቅዳሜ ዘጠኙም ይውደቁልሽ።

ኮት ቀዳጁ አያትሽ፣
ቴውኒስ ኦስተርሃውት